«መሃል» ስንል በምንና በምን መካከል?



ዜና ስንጽፍ «የመሃል ፖለቲካ»፣ «ለዘብተኛ»፣ «ሦስተኛ አማራጭ»፣ «ሶሻል ዴሞክራት» የሚሉ ቃላትን እንደ በርበሬ እንነሰንሳለን። ፓርቲው ራሱን እንዲህ ብሎ ከጠራ እኛም እንዲሁ ብለን እንጠራዋለን፤ አበቃ። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው እነዚህ ቃላት ከየት እንደመጡ፣ አገራችን ሲደርሱ ምን እንደሆኑና ድሬዳዋን በመሰለች የባቡርና የፋብሪካ ከተማ ለምን ባዶ ሆነው እንደሚሰሙ ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ አንድ ፖለቲከኛ «እኔ መሃል ነኝ» ሲል የመጀመሪያው ጥያቄ «በምንና በምን መካከል?» መሆን አለበት ባይ ነኝ። በአውሮፓና በእኛ አገር ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አንድ አይደለም፤ ብዙው ግራ መጋባት የሚመጣውም ከዚህ ነው።

መሃል ሰፋሪ

ከራሳችን ቃል ልጀምር። በአማርኛ ለመሃል ፖለቲከኛ ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣው ቃል ስድብ ነው፦ «መሃል ሰፋሪ»። የሚገርመው ግን ቃሉ ሲወለድ ስድብ አልነበረም። መሃል ሰፋሪ ማለት ንጉሡ በሰፈሩበት፣ በሰፈሩ እምብርት ላይ የሚሰፍረው የቤተ መንግሥቱ ጦር ነው። ዳር ቆሞ የሚያይ ሳይሆን ወሳኝ ኃይል ነበር፤ በ1910 ዓ.ም. ሚኒስትሮቹ ከሥልጣን እንዲነሱ ያስገደደው እኮ ይኸው ጦር ነው። በአብዮቱ ዘመን ግን ቃሉ ተገለበጠ። ሁሉም «ከእኛ ጋር ነህ ወይስ ከጠላት?» በሚልበት ሰዓት መሃል የሰፈረ ሰው ወላዋይ፣ አድር ባይ፣ በሁለት ቢላ የሚበላ ተባለ።

«ሶሻል ዴሞክራት» የሚለውም ከዚያ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። የ1960ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ የወለዳቸው ሁለቱ ትልልቅ ድርጅቶች፣ ኢሕአፓና መኢሶን፣ ሁለቱም ማርክሳውያን ነበሩ። የተጣሉት ደርግን እንዴት እንያዘው በሚለው ላይ ነው፤ አንዱ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት» ሲል ሌላው «ሂሳዊ ድጋፍ» አለ። ሶሻሊዝምን በምርጫና በሕግ፣ ቀስ በቀስ እናመጣዋለን የሚል ሰው ግን በሁለቱም ዘንድ ስሙ «ከላሽ» ነበር። ስለዚህ የኋላውን የፓርቲ ፖለቲካ በአብዛኛው የመራው ትውልድ ሶሻል ዴሞክራሲን መጀመሪያ የተዋወቀው እንደ ክስ ነው። ይህን ማወቅ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ቃል ሰሚው ጆሮ ሲደርስ ምን ተሸክሞ እንደሚደርስ ካላወቅን ምን ልንዘግብ ነው?

ከላሾቹ ምን አሉ?

ነገሩ የሚጀምረው ጀርመን ነው። ኤድዋርድ በርንስታይን የተባለው የጀርመን ሶሻል ዴሞክራት እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ ካፒታሊዝም እንደተተነበየው እየፈረሰ አይደለም፤ ሠራተኛው በድምፁና በማኅበሩ ኑሮውን ማሻሻል ይችላል ብሎ ተከራከረ። በጊዜው ከገዛ ጓዶቹ ውግዘት ወረደበት። ነገር ግን ስድሳ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ የጀርመን ሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ በጎደስበርግ ከተማ ባደረገው ጉባኤ ማርክሳዊነቱን ትቶ ገበያን ተቀበለ። በእንግሊዝ ደግሞ ሌበር ፓርቲ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥልጣን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1948 ነፃ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት አቋቋመ። በአጭሩ ሶሻል ዴሞክራሲ ማለት ይህ ነው፦ ፋብሪካው የባለቤቱ ሆኖ ይቀጥላል፣ ነገር ግን ሠራተኛው ጠንካራ ማኅበር አለው፣ መንግሥት ግብር ይሰበስባል፣ በግብሩ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና ጡረታ ይሠራል። በአሠሪና በሠራተኛ መካከል የተደረገ ስምምነት በሉት።

ስምምነቱ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነዳጅ ዋጋ ሲንር ተናጋ። ማርጋሬት ታቸር እ.ኤ.አ. በ1979 መጥታ የመንግሥት ድርጅቶችን ሸጠች፣ የሠራተኛ ማኅበራትን ጉልበት ሰበረች። ሌበር አራት ምርጫ በተከታታይ ተሸነፈ። እንግዲህ «ሶሻል ዴሞክራሲን ማዘመን» የሚባለው ነገር የመጣው ከዚህ ሽንፈት ነው። ቶኒ ብሌር የፓርቲውን መሪነት በያዘ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ከ1918 ጀምሮ የቆየውንና የማምረቻ መሣሪያዎች የጋራ ንብረት እንዲሆኑ የሚለውን የፓርቲውን ደንብ አንቀጽ አራት አስቀየረ። እ.ኤ.አ. በ1997 በ418 ወንበሮች አሸነፈ። በዓመቱ የሶሲዮሎጂ ሊቁ አንቶኒ ጊደንስ ለአካሄዱ ስም የሰጠ መጽሐፍ አወጣ፦ ሦስተኛው መንገድ። አንደኛው መንገድ የድሮው የመንግሥት ሶሻሊዝም፣ ሁለተኛው የታቸር ልቅ ገበያ፣ ሦስተኛው ደግሞ በሁለቱ መካከል።

ብዙ ሰው ሦስተኛው መንገድ ሲባል «ገበያን መቀበል» ብቻ አድርጎ ያስበዋል። እንደዚያ ብቻ አልነበረም። የብሌር መንግሥት እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1999 ጀምሮ በእንግሊዝ ታሪክ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 3 ፓውንድ ከ60 ሳንቲም አድርጎ ደነገገ። አሠሪዎች ሥራ አጥነት ይመጣል ብለው ጮኸው ነበር፤ የተፈራው ግን አልደረሰም፣ ዛሬ ተቃዋሚዎቹ ወግ አጥባቂዎች እንኳ አይነኩትም። ይህን ቁጥር አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ ድሬ ስንመጣ እንፈልገዋለን።

መጨረሻው ግን አላማረም። የጀርመኑ ቻንስለር ጌርሃርድ ሽሮደር ከብሌር ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 የጋራ ሰነድ አውጥቶ፣ ከ2003 ጀምሮ የሥራ አጥ ድጎማውን ሲቀንስ ከፓርቲው ግራ ክንፍ ብዙ ሰው ጥሎት ሄደ። በግሪክ ፓሶክ የተባለው ሶሻሊስት ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ 44 በመቶ ድምፅ ይዞ ሥልጣን ወጥቶ፣ የዕዳ ቀውሱን ቁጠባ ሠራተኛው ጫንቃ ላይ ከጫነ በኋላ በ2015 ከ5 በመቶ በታች ወረደ። ፓርቲው ወደ መሃል ሲጠጋ የራሱን ሰው ከኋላው ረሳ ማለት ነው። ሆኖም አንድ ነገር እናስተውል፦ የሚረሱት ሰው ነበራቸው። ሠራተኛ ማኅበር፣ መዋጮ፣ ጋዜጣ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ አባልነት ነበራቸው።

ሦስተኛ አማራጭ በእኛ አገር

ብሌርና ኢትዮጵያ በቀጥታም ተገናኝተዋል። ብሌር እ.ኤ.አ. በ2004 ያቋቋመው የአፍሪካ ኮሚሽን ከአባላቱ አንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነበሩ። የኮሚሽኑ ሪፖርት በወጣ በሁለት ወሩ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ተካሄደ፤ ከምርጫው በኋላ በሰኔና በጥቅምት ሰዎች ተገደሉ፣ የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ። የእንግሊዝ መንግሥትም ለኢትዮጵያ በጀት በቀጥታ የሚሰጠውን ድጋፍ አቆመና ገንዘቡ ለመሠረታዊ አገልግሎቶች በወረዳ በኩል እንዲሄድ አደረገ። አንዱ የሦስተኛው መንገድ መሪ፣ ሌላው የአብዮታዊ ዴሞክራሲ መሪ፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ። ኋላ አቶ መለስ «ልማታዊ መንግሥት» የሚለውን አጥብቀው ያዙ፤ ገበያ ይኑር፣ ቁልፉ ግን ከመንግሥት እጅ አይውጣ ነው ነገሩ። ይህም ራሱ በመንግሥትና በገበያ መካከል ያለ አንድ ቦታ ነው። ግን ማንም «መሃል» ብሎ አልጠራውም፤ ምክንያቱም እኛ አገር መሃል የሚባለው ሌላ ነገር ነው።

ምን እንደሆነ ከ1997ቱ ምርጫ ማግሥት በደንብ ይታያል። ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 የፓርላማ ወንበር እንዳገኙ ተገለጸ። ጥያቄው «ፓርላማ እንግባ ወይስ አንግባ?» ሆነ። በቅንጅት ውስጥ የነበረው የኢዴፓ-መድኅን ሰው አቶ ልደቱ አያሌው ከሌሎቹ ተለይቶ ገባ። ከዚያ በኋላ በታክሲው፣ በጫት ቤቱ፣ በውጭ አገር ኢትዮጵያውያን ሬዲዮ ያልተባለው ነገር የለም፤ ከሁሉ የቀለለው «መሃል ሰፋሪ» ነበር። በ2002 ዓ.ም. «መድሎት» በሚለው መጽሐፉ የፖለቲካውን «ሦስተኛ አማራጭ» አስረዳ። ገዢው ፓርቲ ሁሉን ልጠቅልል ይላል፣ ተቃዋሚው ደግሞ ሁሉን ላፍርስ ይላል፤ በመካከል ጥሩውን ጥሩ፣ መጥፎውን መጥፎ የሚል ኃይል ያስፈልጋል ነው መከራከሪያው።

እኔ ሐሳቡን ዛሬ ሳነበው ስድቡ ተገቢ እንዳልነበር ይሰማኛል። ነገር ግን የብሌር ሦስተኛ መንገድ ነው ብሎ መውሰድም ስሕተት ነው። የአቶ ልደቱ መሃል የጠባይ መሃል ነው፤ በሁለት የፖለቲካ አመል መካከል። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ሆስፒታል ክፍያ ሲመጣ ኢዴፓ ወደ ሊበራሉ ያደላ ፓርቲ ነበር እንጂ ከሶሻል ዴሞክራሲ ጋር ዝምድና አልነበረውም። በ2002ቱ ምርጫ ኢዴፓ አንድ ወንበር እንኳ አላገኘም። መሃሉን የሚደግፍ ሰው ጠፍቶ ነው ወይስ ምርጫው ራሱ ለመሃል የሚሆን ቦታ አልነበረውም? ከ547 ወንበር 545ቱን ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ በወሰዱበት ምርጫ ይህን ለመለየት ያስቸግራል።

መድረክ ደግሞ ሌላ መሃል ሞከረ። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የብሔር መብትን የሚያስቀድሙና የግለሰብ መብትን የሚያስቀድሙ ፓርቲዎች በአንድ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። እነ ዶክተር መረራ ጉዲና፣ እነ ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ፣ በኋላም አንድነት ፓርቲ። በእኔ ግምት በአገራችን ከተሞከሩት ሁሉ ከባዱ መሃል ይህ ነው፤ የሚያጣላንን ዋናውን ነገር ፊት ለፊት ይዞ ስለተነሣ። የፕሮፌሰር በየነ ፓርቲ «ሶሻል ዴሞክራሲ»ን በስሙ ይዞ ነበር። ግን ሰው ስለ መድረክ ሲከራከር የምንሰማው ስለ አንቀጽ 39ና ስለ መሬት ነው እንጂ ስለ ሠራተኛ ማኅበር አይደለም።

ቀጥሎ የመጣው ኢዜማ ነው። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሰባት ፓርቲዎች ራሳቸውን አክስመው መሠረቱት፤ ሙሉ ስሙ የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ። «ማኅበራዊ ፍትሕ» የሶሻል ዴሞክራቶች ዋና ቃል ነው፣ ፕሮግራሙም ይህን ይላል። ሕዝቡ ግን የሰማው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው፦ «ዜጎች»። ክርክሩ ሁሉ የዜግነት ፖለቲካ ወይስ የብሔር ፖለቲካ በሚለው ላይ ሆነና «ማኅበራዊ ፍትሕ» የሚለው ግማሽ እንደ ጌጥ ቀረ። በ2013ቱ ምርጫ አራት ወንበር አገኘ፤ መሪው ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ተቃዋሚ ሆኖ ካቢኔ መግባት ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሙግት አሁንም በየቦታው አለ። ደግሞ ያው የጠባይ መሃል!

ገዢው ብልጽግናም በበኩሉ ፉክክርንና ትብብርን፣ አንድነትንና ብዝኃነትን አመጣጥናለሁ የሚለውን የመደመር ሐሳብ ይዞ ተነሥቷል። በንግግር ደረጃ ከዚህ በላይ መሃል የለም። እንግዲህ ሁሉም መሃል ከሆነ ዳሩን ማን ያዘው?

ድሬ ላይ

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በድሬዳዋ «መካከል» የሚለው ነገር በመቶኛ ተሰልቶ ኖሯል። በኢሕአዴግ ጊዜ የከተማው ሥልጣን 40 ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለሌሎች ተብሎ ሲከፋፈል እንደነበር ያልሰማ የድሬ ልጅ የለም። ቀመሩ የፓርቲዎች ስምምነት ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ወጣቶች አደባባይ ሲወጡ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይኸው ቀመር ነበር። እኔ እዚህ ላይ ቀመሩ ልክ ነው ወይም አይደለም አልልም። የምለው ሌላ ነው። ቀመሩን የሚደግፈውም የሚቃወመውም የሚያወራው ከየትኛው ወገን ስንት ሰው ቢሮ እንደገባ ነው። በፋብሪካው በር በጠዋት የሚሰለፈው ሰው በ40ውም፣ በሌላው 40ም፣ በ20ውም ውስጥ አለ፤ በአንዱም ግን እንደ ሠራተኛ አልተቆጠረም።

ይህች ከተማ እኮ ለሠራተኛ ፖለቲካ የተፈጠረች ነበረች። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ደረሰና ከተማዋን ወለዳት። ከዚራ የባቡሩ ሰፈር፣ ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ የነጋዴው ሰፈር። ጥገና ክፍሉ፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ሲሚንቶው ተከተሉ። የባቡር ሠራተኞቹ ማኅበር በአገራችን የሠራተኛ ታሪክ ውስጥ ከቀደምቶቹ የሚጠቀስ ነው። በአገር ደረጃ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲቋቋም ለሶሻል ዴሞክራሲ የሚሆን መሠረት እየተጣለ ነበር ማለት ይቻላል። የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ይህ ማኅበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ፣ አገሩን ለቀናት አቆመ። ከዚያ ደርግ መጣ፤ «የሠራተኛው መንግሥት ነኝ» ያለው ደርግ ማኅበሩን ዘግቶ በራሱ አምሳል ሌላ አቋቋመ። ከ1983 በኋላም ኮንፌዴሬሽኑ ከመንግሥት ጥላ ሥር ወጥቶ ከፓርቲ ጋር እኩል የሚደራደር ኃይል አልሆነም። በእንግሊዝ ማኅበራቱ ፓርቲውን ወለዱ። በእኛ አገር ፓርቲው ማኅበራቱን ወለደ፣ ወይም ገደለ። የእኛ ሶሻል ዴሞክራሲ ስም ሆኖ የቀረው በዚህ ይመስለኛል።

አክስቴ በአንድ የልብስ ፋብሪካ ስትሠራ ኖራለች። ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ «አክስቴ፣ የመሃል ፖለቲካ ሲባል ምን ይመጣልሻል?» ብዬ ጠየቅኳት። «ደመወዝ ወሩ መሃል ላይ ሲያልቅ ነዋ!» አለችኝና ሳቀች። ቀልድ ነው፤ ግን እሷ መሃልን የምትለካው በምንና በምን መካከል እንደሆነ ግልጽ ነው። በቤት ኪራይና በምግብ መካከል።

የብሌርን 3 ፓውንድ ከ60 ያስታወስኩት ለዚህ ነው። በአገራችን ለመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ አለ፤ በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ ብሎ ነበር። ለግል ፋብሪካ ሠራተኛ ግን እንደዚህ ያለ ወለል አልነበረም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዝቅተኛ ደመወዝ ወለልን የሚመለከት የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደነገገ፤ አዋጁ አምስት ዓመት ሲሞላውም ወለሉ አልተቆረጠም ነበር። በዚህ መሃል ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተከፈተ፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ነፃ የንግድ ቀጣና ተመረቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ለውጭ ባለሀብት የኢትዮጵያ ጉልበት በአንድ ሌሊት ረከሰ ማለት ነው። ለሠራተኛው ዘይቱ ተወደደ። መንግሥትና ገበያ ድንበራቸውን እንደ አዲስ ሲያካልሉ እነ ብሌር የተጨቃጨቁበት ጥያቄ በስተመጨረሻ በራችን ላይ ደርሷል፣ የሚመልሰው «የመሃል» ፓርቲ ግን አልታየኝም።

ታዲያ እኛ ስንጽፍ ምን እናድርግ? አንደኛ «ለዘብተኛ»ና «መሃል» አንድ አይደሉም። ለዘብተኛ የአነጋገርና የአመል ጉዳይ ነው፤ አንድ ሰው በለዘበ ቋንቋ ጽንፈኛ ፖሊሲ ሊይዝ ይችላል፣ የብሌርን ዝቅተኛ ደመወዝ በቁጣ የሚጠይቅም አለ። ፓርቲ ራሱን መሃል ሲል ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ አስገብተን «በብሔርና በዜግነት መካከል? በመንግሥትና በተቃዋሚ መካከል? ወይስ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል?» ብለን ብንጠይቅ ዜናው ራሱ ይለወጣል። አንድ መምህራችን «የቃሉን አስተርጓሚ አትሁኑ፣ ጠያቂ ሁኑ» ይሉን ነበር። በምርጫ ክርክር ወቅት የእጩዎቹን መልስ ከዚህ አንጻር ብናዳምጥ ስንቱ ሦስተኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ ለማየት እጓጓለሁ።

ጥያቄው ደግሞ አዲስ አይደለም። የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. አድማ የመቱት ሠራተኞች ለንጉሡ መንግሥት ካቀረቧቸው ጥያቄዎች መካከል አንዱ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይቆረጥልን የሚል ነበር።